የተቆለፉት አርባ አንድ

ፅዮናዊት «ወደብ» የተባለውን የስልክ ጨዋታ ስትሠራ መርከብ ላይ ወጥታ አታውቅም ነበር። ይህ ጨዋታውን አልጎዳውም። ተጫዋቹ በክሬን ኮንቴይነር ያወርዳል፤ ክሬኑ ናፍታ ይበላል፤ ናፍታው ሲያልቅ ተጫዋቹ እስኪሞላለት አንድ ሰዓት ይጠብቃል። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ግን አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው አልተገኘም። ገሚሱ ስልኩ ላይ የተቀመጠውን የጨዋታ ፋይል ከፍቶ ነጥቡን በገዛ እጁ ጻፈ። ገሚሱ የስልኩን ሰዓት ወደ ፊት እየገፋ ናፍታ ቀዳ።

በጨዋታው የተዘጋጀው የከተማ ውድድር ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ትዕግሥቷ አለቀ። በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ከይዘቱ የሚሰላ ማኅተም አደረገችበት፤ አንዲት ቁጥር ከተነካች ማኅተሙ ይፈርሳል። የሰዓት ጥበቃም ጨመረች፦ የተጫዋቹ ስልክ ሰዓት ከዋናው ኮምፒውተር ሰዓት ከአንድ ሰዓት በላይ ከተለየ ጨዋታው ይቆለፋል፣ ስሙም አጭበርባሪዎች ዝርዝር ውስጥ ይገባል። በሦስተኛው ቀን ዝርዝሩ አርባ አንድ ሰው ይዞ አደረ። ፅዮናዊት ኮራች።

ምኒልክ አደባባይ ስልክ የሚሸጠው የውድድሩ አዘጋጅ ዘይድ ደግሞ ከእሷም ባሰ። «ስማቸውን በማይክ ነው የማነበው» አለ። «በቀጥታ ስርጭትም ይሄዳል። ከተማው ይወቃቸው!» ሰባት ሰዓት ላይ ጫት ይገባል፤ ጫት ከገባ በኋላ ማይክ የሚሰማ ሰው የለም። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ሊጀምር ቆረጠ።

ስድስት ከሃያ ላይ አንዲት ሴት ፅዮናዊት ወደምትሠራበት የሱቁ ጓዳ ገባች። ላብ አጥምቋታል።

«ጨዋታውን የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ቡርቱካን እባላለሁ። ሄሮን ሰፈር፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ሌባ ብለሽኛል።»

ፅዮናዊት ስሙን ታውቀዋለች። በነጥብ አንደኛ ነው፤ በዝርዝሩም አንደኛ ነው።

«እኔ አላልኩም። ኮምፒውተሩ ነው ያለው።»

«እሱንስ ማን አስተማረው?»

ፅዮናዊት ወንበር ሳበችላት።

«የማዳም ልጅ ስልኬ ላይ ‹አጭበርባሪ› የሚለውን ቀዩን ጽሑፍ አይቶ ለእናቱ ነገራት» አለች ቡርቱካን። «ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹በጨዋታ የሰረቀች ቤቴንም ትሰርቃለች፤ ዛሬ ስምሽ ከተጠራ እንዳትመለሺ።› ይኸው ስርጭቱን ከፍታ ቁጭ ብላለች። አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ማንኪያ አልጎደለባትም።»

«እህቴ፣ ሁሉም አልነካሁም ነው የሚለው።»

«ታዲያ ያልነካ ሰው ምን ብሎ ይናገር?»

ፅዮናዊት የቡርቱካንን ፋይል ከፈተች። ማኅተሙ አልፈረሰም፤ ነጥቡን የነካው የለም። የቀረው ሰዓቱ ነው።

«ሰዓትሽን ቀይረሻል» አለች፣ እፎይ ብላ።

«አልቀየርኩም።»

«እስቲ ስልክሽን አምጪው።»

ስልኩ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ ሥር 6:31 ይላል። የፅዮናዊት ኮምፒውተር 12:31 ይላል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ስድስት ሰዓት ተኩል ነዋ! ስንት መሰለሽ?»

ፅዮናዊት ሁለቱን ሰዓት ጎን ለጎን አየች። አያቷ ከኢትዮጵያ ባቡር ላይ ሊሠራ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። እሷም በአፏ እንደ አገሯ፣ በስልኳ እንደ ፈረንሳይ ስትቆጥር ኖራለች፤ ሁለቱ አንድም ቀን ተጋጭተውባት አያውቁም። በአፉ የሚለውን ሰዓት ስልኩም እንዲለው አድርጎ የሚሞላ ሰው ይኖራል ብላ አላሰበችም። ከሰው ሁሉ እሷ ማሰብ ነበረባት።

ግን ዝም ብላ ቁልፉን ብትከፍተው ነገ አጭበርባሪ ሁሉ ስልኩን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ ሐበሻ ነኝ ይላል። የቆየውን መዝገብ አወጣች። የአጭበርባሪ ሰዓት ይዘላል፤ ወደ ፊት ሄዶ ናፍታ ይቀዳና ይመለሳል። የቡርቱካን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ሌሎቹን አየች። አበዛሽ፣ ሔርሜላ፣ ዘቢባ… ከአርባ አንዱ ሃያ ዘጠኙ እንደዚሁ ነበሩ።

ማይኩ ከውጭ ጮኸ። ሰዓቱን አየች፤ ስድስት ከሠላሳ ስድስት። ዘይድ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀጠሮ ቀደመ።

ሁለቱም ሮጡ። ሰው ጥላ ጥላውን ይዞ ቆሟል፤ አብዛኛው ስም ሳይሆን ጫት ነው የሚጠብቀው።

«አንደኛ!» አለ ዘይድ በሶማልኛ፣ ቀጥሎ በፈረንሳይኛ። «ቡርቱካን፣ ከሄሮን!»

ሰዉ አፏጨ። ቡርቱካን ባለችበት ቀረች።

«ዘይድ፣ አቁም!»

«ምን አቁም? ገና አርባ አሉ።»

«ዝርዝሩ ተሳስቷል።»

ማይኩን በመዳፉ ሸፈነ። «ዝርዝሩ ወይስ አንቺ?»

«እኔ።»

«ቀጥታ ላይ ነን እኮ፣ ፅዮን! ይህን ካልሽ ከእንግዲህ ጨዋታሽን ማን ያምነዋል?»

«ስጠኝ።»

ማይኩን ተቀብላ ወደሚቀርጸው ስልክ ዞረች። ማዳም የሚገባት ቋንቋ ይቅደም ብላ በፈረንሳይኛ ጀመረች። «ቡርቱካን አላጭበረበረችም። ነጥቧ የራሷ ነው። ጥበቃውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የሐበሻን ሰዓት ረስቼ ሃያ ዘጠኝ ሰው በሐሰት ከስሻለሁ።» በሶማልኛ ደገመችው። በአማርኛ ስትሠልስ አንዱ ከሰው መሃል፣ «ራስሽ ሐበሻ ሆነሽ?» አላት።

«ሐበሻ ሆኜ» አለች።

አደባባዩ ሳቀ። ሳቁ መሃል የቡርቱካን ስልክ ጠራ።

«ማዳም ናት» አለች። አላነሳችውም።

«አንሺው።»

«ዊ፣ ማዳም» አለች ቡርቱካን። ከዚያ ብዙ አዳመጠች። ፅዮናዊት ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ለማንበብ ሞከረች፤ አልተቻላትም። «ሜርሲ፣ ማዳም።» ዘጋችው።

«ምን አለችሽ?»

«ሻንጣሽን ወደ ክፍልሽ መልሼዋለሁ አለችኝ።»

«ከየት?»

«ከውጭ በር ላይ።» ቡርቱካን የተሰነጠቀውን ስልክ ዘረጋችላት። «በይ አሁን ጨዋታዬን ክፈቺልኝ።»