ሰማንያ ላይ የቆመው የሐጂ ሀምዱ ስልክ

ድካም ስላችሁ ተራ ድካም እንዳይመስላችሁ። ያን ሰሞን የደከመኝ ድካም ለሦስት መንደር ቢከፋፈል ይተርፍ ነበር። ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጥመው እኔም ጿሚ፣ ሐጂ ሀምዱም ጿሚ፤ የሁለታችንም ምላስ ከላንቃችን ጋር ተጣብቆ እንውላለን። የናይሮቢዋ ኢስትሊ በአቧራና በጄኔሬተር ጭስ ታፍናለች። ዝናቡ መጣሁ መጣሁ ይላል እንጂ አይመጣም።

ስሜ ዘገዬ ነው። ስልክ እጠግናለሁ። ናይሮቢ ውስጥ የሚጠግን ሰው ሁሉ ፈንዲ ስለሚባል እኔንም ፈንዲ ዘገዬ ይሉኛል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የከፈትኩት ስልክ ቢደረደር ከዚህ ተነሥቶ ሞያሌ ደርሶ ይመለሳል። ከኪሌሌሽዋ ሾፌር ያላቸው ሴቶች ይመጡብኛል። ዌስትላንድስ ያሉት ባለመስታወት ሱቆች ሞቷል ብለው የመለሱትን ስልክ ዓይኔን ጨፍኜ አስነሥቻለሁ። ጠረጴዛዬ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ስፋቱ አንድ ክንድ ተኩል ነው። የቆመበትም ቦታ የኔ አይደለም። የሐጂ ሀምዱ የጨርቅ ሱቅ ደጃፍ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኪራይ ጠይቀውኝ አያውቁም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደጃፋቸው ላይ ሰው እንዳይታለል።

ሐጂ ጨርቅ ሲለኩ ብታዩ። ሜትሩን ይዘረጋሉ፣ ይለካሉ፣ ከዚያ አራት ጣት ይጨምሩና ነው የሚቆርጡት። በዚህች አራት ጣት ምክንያት የመደዳው ነጋዴ ሁሉ ሲጣላ እሳቸው ዘንድ ይዳኛል። እኔም አከብራቸዋለሁ፤ እንደሳቸው መሆን ግን አልሞከርኩም። አድካሚ ነው።

ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ስልካቸውን አመጡልኝ። ባትሪው አርጅቶ ከቀትር አያልፍም። አዲስ ገጠምኩላቸው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ የገጠምኩት ባትሪ እውነተኛ ነበር። ማሸጊያው ሳይነካ ዱባይ ከሚመላለስ ሰው እጅ የተቀበልኩት። በዕድሜዬ ከገጠምኳቸው ባትሪዎች ሁሉ ንጹሑ እሱ ነው። ስለሌሎቹ አትጠይቁኝ።

ግን አፌ መች ዝም ይላል። "ሐጂ፣ ይሄ እኮ ዛሬ አርብ ሞልተውት ለሚቀጥለው አርብ ያደርስዎታል" አልኳቸው። አጠገባችን ጫማ የሚሸጠው በድሩ ሰማ። በድሩ እኔ ያወራሁትን ሁሉ እያጠራቀመ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጥ ሰው ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት በሰላም አለፈ። ረመዳን በገባ በአራተኛው ቀን ሐጂ መጥተው ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

"ዘገዬ፣ የሸጥክልኝ ባትሪ ስንት ነው የሚሞላው?"

"መቶ ነዋ፣ ሐጂ።"

"ሰማንያ ነው። እንደተሰካ ያድራል፤ ሌሊት ሱሁር ልበላ ተነሥቼ ስነቅለው ሰማንያ። ትናንትም ሰማንያ፣ ከትናንት ወዲያም ሰማንያ። አንድ ቀን ቢጎድል ስሕተት ነው እል ነበር።"

ተቀብዬ ሰካሁት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መቶ ገባ። ላላየ ሁሉ ከፍ አድርጌ አሳየሁ፣ ጥቂት ፎከርኩም። ሐጂ ይዘውት ሄዱ። በማግስቱ ሰማንያ ብለው መለሱት። ሰካሁት፤ መቶ። በማግስቱ እንደገና ሰማንያ።

"ጋሼ ዘገዬ" አለ በድሩ ከጫማዎቹ መሐል፣ "ባትሪህ ሰው ሲያየው ያፍራል እንዴ? አንተ ጋ ይኮራል፣ ሐጂ ቤት ሲገባ ይሽኮረመማል።"

መደዳው ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። "በሻጩ እጅ ሙሉ፣ በገዢው እጅ ጎደሎ የሚሆን ነገር አንድ ብቻ ነው የማውቀው" አሉ ቀስ ብለው። "የሌባ ሚዛን። የሜትር ሒሳብ ተቀብለህ ሰማንያ ሴንቲሜትር ቆርጠህ ሰጠኸኝ።"

ማልኩ። በጾሙ ማልኩ፣ በልጆቼ ማልኩ፣ የሌለኝን ልጅ ሁሉ ጨምሬ ማልኩ። ማንም አላመነኝም። ሃያ ሺህ ጊዜ ዋሽቼ ያልተያዝኩ ሰው አንድ ጊዜ እውነት ተናግሬ ተያዝኩ።

ሐጂ ሰው ዘወር ሲል ጠጋ ብለው፣ ወሩ ረመዳን ስለሆነ በሰው ፊት ሊያዋርዱኝ እንደማይፈልጉ ነገሩኝ። እስከ ቅዳሜ ምክንያቱን ካመጣሁ ደግ፤ ካላመጣሁ ጠረጴዛዬን ላነሣ።

ወዴት ላነሣው? ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። ብሎኗን ለማየት መነጽር በመነጽር ላይ የምደርብ ሰው ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም። ከዚህ ደጃፍ ብወጣ ቀን በቀን በማዘጋጃ ቤት ሰዎች እየተባረርኩ፣ ዕቃዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ከማታቱ ታክሲ ማቆሚያ ወደ ማታቱ ማቆሚያ ስንከራተት ነው የምኖረው። ያን ስልክ ሁለት ጊዜ ፈታሁት። ሆዱ ውስጥ አንዳች ጉድለት የለም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተስፋ ቆርጬ፣ ችግሩ የሚታየው ቤታቸው ብቻ ከሆነ እዚያው ሆኜ ልየው አልኳቸው። ምናልባት ሶኬቱ ይሆናል፣ ምናልባት ስቲማው ነው ብዬ የኬንያን መብራት ሁሉ ከሰስኩ።

"እሺ፣ ና አፍጥር" አሉኝ። የተቆጡበትን ሰው ምግብ አይከለክሉም።

ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በዚያ ቀን ጉልበቴ ሠላሳኛ ነው ብሎ ምሏል። ሐጂ እንደገቡ ስልኩን መስኮቱ ሥር ያለችው አሮጌ የስፌት መኪና ላይ አኑረው ሰኩና ፊቱን ደፉት። የሁልጊዜ ልማዳቸው ነው፤ ብርሃኑ ዓይናቸውን ይወጋቸዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ለይላ የኔን ሳምቡሳ ለብቻ፣ በምስር፣ ሥጋ ባልነካው ዘይት ጠብሰውልኛል። "ወንድሜ ዘገዬ፣ ጾምህን እንዳላስገድፍህ" ብለው ሳሕኑን አስጠጉልኝ።

አዛን ሲል ሐጂ ሦስት ተምር በሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ተነሥተው ሊሰግዱ ሄዱ። እኔ ማሳ ውስጥ እንደገባ አንበጣ ሳምቡሳውን ወረድኩበት። ሰባት በላሁ። ደህና፣ አሥራ አንድ። ሐጂ ሲመለሱ ሆዴን ይዤ ሳቃስት አገኙኝ።

"ባዶ የዋለ ሆድ እንዲህ አይጠቀጠቅም" አሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው። "ትንሽ ትሰጠዋለህ፣ ታሳርፈዋለህ፣ ከዚያ ቀሪውን።"

ሾርባቸውን እስኪጨርሱ ጠብቄ ስልኩን ገለበጥኩት። ሰማንያ። ከሥሩ ቀጭን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። መነጽሬን ደርቤ አነበብኩት፤ መሙላቱ ጠዋት 7:30 ላይ ይጠናቀቃል ይላል። በእኛ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ተኩል።

"እሱ ጽሑፍ ማታ ማታ አይጠፋም" አሉ ወይዘሮ ለይላ። "የማንቂያ ደወል መስሎኝ ነበር።"

አርባ ሺህ ስልክ የከፈትኩ ሰው፣ ሆዱን ስበረብር ግንባሩን ሳላነብ ቀረሁ። ነገሩን እኮ አውቀዋለሁ። የዛሬ ስልክ ብልጠት አለው። ባትሪን የሚያስረጀው ዋናው ነገር ሌሊቱን ሙሉ ጢም ብሎ፣ ሙቀት ይዞ ማደሩ ነው። ስለዚህ ስልኩ ሰማንያ ድረስ በፍጥነት ይሞላና ቆሞ ይጠብቃል፤ የቀረችውን ሃያ የሚወስዳት ጌታው ሊነቅለው ሲቃረብ ነው። ይህን የሚያደርግ ስልክ ባትሪው ከጓደኞቹ አልፎ ይኖራል። ቀን ቀን ጠረጴዛዬ ላይ መቶ የሚገባልኝም ለዚህ ነው፤ የሚጠነቀቀው ሲያድር ብቻ ነው።

ደስታዬ ከጣሪያ በላይ ሆነ። "ሐጂ፣ ባትሪው ሙሉ ነው!" አልኩ። "ስልክዎ እንደርስዎ ነው የሚያፈጥረው። በተምር ይጀምራል፣ ያርፋል፣ ዋናውን የሚበላው እርስዎ ሊነሡ ሲሉ ነው። አሁን ለሱሁር አሥር ተኩል ላይ ይነቅሉታል። እሱ የሚያውቀው ግን የሚነሡት አንድ ተኩል ላይ መሆኑን ነው።"

ተናግሬ ስጨርስ የተናገርኩትን ሰማሁት።

ሐጂ ሀምዱ ጎህ ሳይቀድ የሚሰገደውን የሱብሂን ሶላት ከመስጊድ የማይቀሩ ሰው ናቸው። መደዳው ሁሉ ያውቃል። በጨለማው መንገዳቸውን በዚህ ስልክ መብራት እያበሩ እንደሚሄዱ ራሳቸው ነግረውናል። አርፍዶ የሚከፍተውን ነጋዴ፣ በድሩን በተለይ፣ የሚገሥጹት በዚሁ ነው።

"ማን ነገረው?" አሉ ሐጂ።

"ማንም አልነገረውም። በየቀኑ ሲነቅሉት እያየ ይማራል።"

ወይዘሮ ለይላ ብርጭቆ መሰብሰባቸውን ተዉ።

"ኦፕራሲዮን ከሆንኩ ወዲህ እንቅልፍ የሚወስደኝ ሊነጋጋ ሲል ነው" አሉ በመጨረሻ። "ስነቃ ፀሐይ ወጥታለች። ያለፈኝን እዚሁ እሰግዳለሁ። ለሰው ግን እንደ ድሮው ነው የማወራው። ሰው አንዴ ሐጂ ካለህ ማነስ ይከብዳል።"

ማነስ እንዴት እንደሚከብድ ለኔ ይነግሩኛል? እኔ አንድ ክንድ ተኩል ጠረጴዛ ይዤ ሞያሌ ደርሼ የምመለስ ሰው!

"አርባ ዓመት አብሬው ስተኛ ምሥጢሩን አላወጣሁም" አሉ ወይዘሮ ለይላ ብርጭቆውን እያነሡ። "ይሄ ትናንት የመጣ ዕቃ ግንባሩ ላይ ጽፎ ይዞራል።"

ላጥፋው ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ በጣት የሚጠፋ ነገር ነው። ሐጂ ዕድሜውን የሚያረዝምለት ከሆነ ተወው አሉ። የረመዳኑንም ሰዓት ይማረው። ስለ ቅዳሜ አንድም ቃል አልተናገሩም። ዝም በልልኝም አላሉኝም።

ቅዳሜ በድሩ፣ ሐጂ ሲነግሩኝ ጆሮውን ጥሎ ሰምቶ ኖሮ፣ የቀጠሮውን ነገር ለመደዳው አዳርሶ ጠበቀኝ። ከአሥር የማያንሱ ሰዎች ጠረጴዛዬን ከበቡ፤ ለኔ አሥር ሺህ መሰሉኝ። "እሺ ጋሼ ዘገዬ" አለ፣ "የሰማንያው ነገር ከምን ደረሰ?"

እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። በዕድሜዬ ከያዝኳቸው እውነቶች ሁሉ ትልቁ፣ ማስረጃ ያለው፣ ስልኩ ራሱ የሚመሰክረው። ብተፋው ስሜ ነጽቶ ኢስትሊ ውስጥ በትከሻ ልዞር ነው። ወደ ሱቁ ውስጥ አየሁ። ሐጂ ለአንዲት ሴት የመጋረጃ ጨርቅ እየለኩ ነው። ያንኑ ሜትር ሁለት ጊዜ ለኩት። ሦስተኛም ለኩት።

"ባትሪው ጎደሎ ነበር" አልኩ። "ቀየርኩላቸው። አለቀ።"

በድሩ እስኪያስለው ሳቀ። "ለሚቀጥለው አርብ ያደርስዎታል!" እያለ መደዳውን ዞረው። ባለፈው ወር ባትሪ የገጠምኩላት ሴት ወዲያው ስልኳን አምጥታ መርምርልኝ አለች። ሐጂ ቀና ብለው አፋቸውን ከፈቱ፤ እኔ ብሎን መፍቻዬን መፈለግ ጀመርኩ፣ እጄ ላይ እያለ። አፋቸውን መልሰው ዘጉ። ለሴትየዋ ሲቆርጡላት ስምንት ጣት ጨመሩላት። ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ፣ "ጠረጴዛው ባለበት ይቆያል" አሉ።

ጠረጴዛዬ ተረፈ። ስሜ ግን ፈንዲ ሰማንያ ሆኖ ቀረ። ደንበኛ ሳሳ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ዝንብ እየቆጠርኩ፣ ሁዳዴን እየጎተትኩ፣ ስለ ራሴ ለማውራት እንኳ ጉልበት አጣሁ። ይህን አሁን ስጽፍም ስማቸውን ለውጬዋለሁ፤ ኢስትሊ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ ሐጂ መቶ ሺህ ስለሆነ ፈልጋችሁ አታገኟቸውም።

ዒድ ባለፈ በሳምንቱ ወይዘሮ ለይላ ሲያልፉ ቆም ብለው፣ ስልኩ አሁን አሥር ተኩል ላይ ሞልቶ ይጠብቃል፣ ጌትየው ግን ተኝቷል አሉኝ። ሁለት ሳምንት ያህል ይታገሣቸዋል፣ ከዚያ መልሶ ይለምዳቸዋል አልኳቸው። ከሰው ይሻላል ብለው ሄዱ።

በዚያው ቀን በድሩ ስልኩን ይዞ መጣ፤ የሐጂ ዓይነት ስልክ ነው። ባትሪው አልቋል።

"ሐጂ ናቸው የላኩኝ" አለ ዓይኑን አጥብቦ። "ከዘገዬ በቀር ከማንም እንዳትገዛ፣ የዘገዬ ልክ ሙሉ ነው አሉኝ። ጎደሎ ሸጦልዎት የለም ወይ ብላቸው ጨርቅ መለካት ያዙ። ምን አድርገህላቸው ነው?"

አፌ ተከፈተ። ከዚያ ተዘጋ። ስልኩን ተቀብዬ ብሎኑን መፍታት ጀመርኩ። ማሸጊያው ያልተነካውን፣ ከዱባይ የመጣውን ሁለተኛውንና የመጨረሻውን ባትሪ አወጣሁለት።

"ይሄስ ስንት ቀን ያደርሳል?" አለ ሊስቅ ተዘጋጅቶ።

"አንድ ቀን" አልኩት። "በደንብ ከያዝከው።"

ሳቁ መንገድ ላይ ቀረበት። ገጥሜ ስጨርስ ያችኑ የሰማንያዋን ነገር ከፈትኩለት፤ ባትሪው ዕድሜ ያግኝ። እንዴት እንደምትሠራ ብነግረው ግን እስከ ማታ የሐጂን ነገር ይደርስበታል፤ ጅል አይደለም።

"ማታ ስትሰካው ፊቱን ድፋው" አልኩት።

"ለምን?"

"ራስህ ነግረኸኝ የለ። ባትሪ ሰው ሲያየው ያፍራል።"