በሌለበት የሚያለቅስ ሕፃን

ውድነሽ ከወለደች ሁለተኛ ሳምንቷን ስትይዝ ራሷን ይፈልጣት ጀመር። ባሏ ፍሬዘር፣ "ሆስፒታል እንሂድ" ቢላት፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሕመም ነው ብላ አሻፈረኝ አለች። የፈራችው ኮሮና ነው ብለው ከልጇ እንዳይለዩዋት ነበር። በስደት በሚኖሩበት የዓረብ አገር፣ ሙዋይለህ በተባለ ሰፈር ካለው ሕንፃቸው፣ በዚያ ሰሞን በአምቡላንስ ተወስዶ ያልተመለሰ ጎረቤት ነበርና።

አንድ ጠዋት ቅዱስን እያጠባች ሳለ ቀኝ እጇ ከዳት። ሕፃኑ ከክንዷ ወደ ፍራሹ ሲንሸራተት እያየች ፍሬዘርን ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። ሮጦ ሲደርስ ከንፈሯ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል።

በኮሮናው ምክንያት ፍሬዘርን ከሆስፒታሉ በር ላይ መለሱት። ሐኪሙ በስልክ አስረዳው፦ ከወሊድ በኋላ ደም ቶሎ ይረጋል፤ የረጋው ደም የአንጎሏን የደም ሥር ዘግቷል፤ ሆኖም በጊዜ ደርሳለች፣ ደም ማቅጠኛ ተጀምሮላታል።

ውድነሽ ከሰው ሁሉ የሚታያት ዓይን ብቻ ነበር፤ ሌላው በጭምብል ተሸፍኗል። ከግድግዳው ወዲያ ግን ሕፃን ያለቅሳል። ድምፁን ታውቀዋለች፤ የቅዱስ ነው። ጡቷ ግጥም ብሎ ይሞላና ልብሷን ያርሰዋል። ወተቷ እንዳይደርቅ እያለቡ ይደፉላት ነበር። በግራ እጇ ወደ ግድግዳው ብትጠቁም፣ ነርሷ በዚህ ፎቅ ሕፃን እንደሌለ ደጋግማ ነገረቻት። ልቅሶው አላቆመም። ቤቷ ድረስም ተከተላት፤ ቅዱስ ተኝቶ እያየችው እንኳ ይሰማታል።

ልጁ ወፍሮ ነበር የጠበቃት። የጣሳ ወተት አልወስድ ሲል፣ ፊት ለፊታቸው የምትኖረው የወሎ ልጅ ሹኩሪያ ከራሷ አራስ ጋር ስታጠባው ከርማለች። "ከእንግዲህ የልጄ ወንድም ነው፣ ዋላሂ" ብላው ነበር ፍሬዘርን።

ከሆስፒታል የተመለሰች ዕለት ሲያስታቅፏት ቅዱስ አለቀሰ። ጠረኗን አላወቀውም። ሹኩሪያ ለምዳ ኖሮ እጇን ዘረጋች።

"ተ... ተይው" አለች ውድነሽ። "ይ... ይልመደኝ።"

ሹኩሪያ እጇን ሰብስባ፣ ከደከመው የውድነሽ ክንድ ሥር ትራስ አደረገችላትና አጠገቧ ተቀመጠች። ቅዱስ እስኪደክመው አለቀሰ፤ ከዚያ ጡቷን ያዘ። ሹኩሪያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ዓይኗን ጠረገች። ውድነሽ አየቻት፤ ልትላት የፈለገችውን ግን አንደበቷ ገና አልቻለውም።