ፍቅርተ የሠራችው ፍሬን

ፍቅርተማርያም ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ተቀጥራ የገዛቻት አሮጌ ቪትዝ ከእሷ በቀር የማንም እጅ አልነካትም። ዘይት ትቀይራለች፣ ካንዴላ ትፈታለች፤ የቸገራትን ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ታያለች። አባቷ መምሬ ዘርአ ዳዊት ይህን ለአንኮበር ምእመን ሳያወሩ ያለፉበት ሰንበት የለም። "ልጄ መኪናዋን ራሷ ነው የምታክማት" ይላሉ።

መምሬ ለዓይን ሕክምና እሷ ዘንድ ሰንብተው ሳሉ የደብራቸው ንግሥ ደረሰና አንኮበር ልትወስዳቸው ሆነ። በዋዜማው መኪናዋን በክሪክ አንስታ የኋላውን የፍሬን ሸራ ልትቀይር ጎማውን ስታወልቅ፣ ውስጡ ርሶ አገኘችው። የፍሬኑ ዘይት የሚያግደውን ላስቲክ አልፎ ይወጣል። ፍሬኑ መንገድ ላይ ሊከዳ እንደሚችል አልጠፋትም። ግን ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ንግሡ ያልፋል፤ ጋራዥ ብትሄድስ፣ ያ ሁሉ ወሬ የተወራላት ሴት ምን ትባላለች? በጨርቅ ጠረገችው። አዲሱን ሸራ ገጥማ፣ የጎደለውን ዘይት ሞልታ፣ ጎማውን መለሰች። የተረፈውን ዘይት ከነጠርሙሱ የመኪናዋ የኋላ ኮፈን ውስጥ ከተተችው።

"አለቀ?" አሉ መምሬ ከበረንዳው።

"አልቋል፣ አባ።"

በማግሥቱ አንኮበር ሊደርሱ ሲሉ ቁልቁለቱ ላይ ፔዳሉን ብትረግጠው እግሯ እስከ ወለሉ ወረደ። ደግማ ረገጠች፤ ምንም የለም። ማርሽ ቀነሰች፣ የእጅ ፍሬን ሳበች፤ መኪናዋ ግን መንደርደሯን አልተወችም። በአንዱ ወገን ገደል ነው። መሪውን ወደ ተራራው ጠምዝዛ፣ የመኪናዋን ጎን ከአፈሩ ጋር እያፋተገች እንደምንም አቆመቻት።

የመምሬ ጥምጥም ወልቆ ጉልበታቸው ላይ ወድቋል። እሱን እያነሡ "እጅሽን ይባርከው" አሉ።

ያኔ መናገር ነበረባት። እሷ ግን ወርዳ ጠርሙሱን አወጣችና ዘይት ሞላች፤ ከዚያ በአንደኛ ማርሽ እየተጎተተች አንኮበር ገባች። መምሬም ፍሬኑን የጠገነችው መስሏቸው ከጎኗ ሆነው በእጇ ሙያ ይደነቁ ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጻድቅ ሲቀመስ ታሪኩን ራሳቸው አወሩት። "እኔ ጸሎቱ ሁሉ ጠፋብኝ፤ እሷ ግን እጇ እንኳ አልተንቀጠቀጠም" አሉ። ሰዉ መረቃት። አንዲት እናት ተነሥተው ግንባሯን ሳሟት። ፍቅርተ አንገቷን ደፋች፤ ጨዋነት መሰላቸው።

መምሬ እግራቸው አልድን ወዳላቸው አንዲት መነኩሲት ዞሩ። "እማሆይ ወለተ ሥላሴ፣ ነገ ልጄ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ታድርስዎት።"

"መኪና እፈራለሁ" አሉ እማሆይ። "እሷ ከነዳችው ግን እሄዳለሁ።"

"አይሆንም" አለች ፍቅርተ።

ሁሉም ዞሮ አያት።

"ፍሬኑ ድንገት አይደለም የተበላሸው፣ አባ። ቤት ሳለሁ ሲያፈስ አይቼዋለሁ። እያወቅሁ ጎማውን መልሼ ነው እርስዎን የጫንኩት።"

መምሬ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "አልቋል ብለሽኝ ነበር።"

"ብያለሁ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እሳቸው ግን አልተቆጧትም። ወደ ሰዉ ዞረው "እንግዲህ ቅድም ያወራሁት ልክ አይደለም፤ ይቅር በሉኝ" አሉ። ምንም ያላጠፉት አባቷ በእሷ ፈንታ ይቅርታ ሲጠይቁ መስማት ከየትኛውም ቁጣ በላይ አንገበገባት።

በነጋታው መምሬ እማሆይን ደግፈው ወደ ሚኒባስ ሲሄዱ ተከትላቸው ወጣች።

"ይቆጡኝ እንጂ፣ አባ።"

"ምን ብዬ ልቆጣሽ?" ቆም አሉ። "ጋራዥ መግባት ያሳፈረሽ የእኔ ወሬ ነው። እሱን እኔ እተዋለሁ። ያየሽውን መደበቅ ግን የአንቺ ነው።"

ሚኒባሱ ሄደ። መካኒክ ከደብረ ብርሃን አስመጣች፤ ላስቲኩም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መኪናዋ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆመች። የሚያልፈው ሁሉ በተፋተገው ጎኗ ላይ ዓይኑን ጥሎ ያልፍ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መምሬ ስለ መኪናዋ ለማንም አያወሩም። ሊሳፈሩ ሲሉ ግን በሩን ይዘው "ያየሽው ነገር አለ?" ይሏታል። እሷም አንገቷን ደፍታ ትንሹንም ትልቁንም ትነግራቸዋለች። ሰምተው ሲጨርሱ አንዳንዴ ይሳፈራሉ፤ አንዳንዴም ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ሚኒባስ መናኸሪያው ይሄዳሉ።