አምስት አይደለም

ሰውየው የሁሉንም እጅ ጨብጦ እኔን ዘለለኝ። ወንድሜ ሌይዘር ከተቀበረ አራተኛ ቀኑ ነው። እንደ አይሁድ የሐዘን ደንባችን የቀሚሴን አንገት ቀድጄ፣ መስታወቱ በጨርቅ በተሸፈነው የኒው ዮርክ ቤቴ ዝቅ ያለ ሣጥን ላይ ተቀምጫለሁ። ዕቃ መስዬው ይሆናል።

"ፕሬስኮት እባላለሁ፤ የዶክተር ሌይዘር ተማሪ ነበርኩ" አላት ጎረቤቴን ጊትልን። "ነገ ለሚታተም መጽሔት ስለ ሕይወታቸው ጽፌአለሁ። ቤተሰብ ቢሰማው ብዬ ነው።"

"ቤተሰቡ ያቻትልህ" አለች ጊትል፣ እንቁላሏን እያኘከች በአገጯ ወደ እኔ ጠቁማ። "ራቅ ብለህ አንብብ፤ ትናከሳለች።"

አነበበ። ወንድሜ የሰው ልጅን የማሰብ ችሎታ የሚለካ ፈተና ካዘጋጁት ቀዳሚዎች አንዱ ነበር አለ። ደህና። ቀጠለ፦ "ለሥራው የተነሣሡት በዘጠኝ ዓመታቸው ከመርከብ በወረዱ ዕለት፣ መቁጠር የማትችል አንዲት አእምሮ ደካማ ልጃገረድ አይተው ነው።"

ጊትልን እንቁላሉ ትን አላት።

"ማን ነገረህ?" አልኩት።

"የወደቡ መዝገብ ላይ ከስማቸው ቀጥሎ አግኝቼው ነው፣ እማማ፤ የልጅቷ ስም ግን ደብዝዟል።"

ልጃገረዷ እኔ ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እናታችን ሞታ ሌይዘርን የማሳድገው እኔ ነበርኩ። የወደቡ መርማሪ ልጆቿ የከበቧት እናት ሥዕል አሳየኝና በአስተርጓሚ "ስንት ልጆች አሉ?" አለኝ። እኛ ዘንድ ሰው እንደ ድንች አይቆጠርም፤ ክፉ ዓይን ይገባበታል። ስለዚህ ዓይኑን ለማታለል በወጋችን "አንድ አይደለም፣ ሁለት አይደለም፣ ሦስት አይደለም፣ አራት አይደለም፣ አምስት አይደለም" አልኩት። እሱ ካፖርቴ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገብኝ። ወደ መጣችበት ትመለስ ማለት ነው።

ሌይዘር የመርማሪው እጅጌ ላይ ተንጠለጠለ። "አምስት አለችህ እኮ! የኮትህን ቁልፎች አስቆጥራታ!"

ቁልፍ ሰው አይደለም። "አሥራ አንድ ናቸው፤ አንዱ ተበጥሷል፤ ሚስት የለህም?" አልኩት። አስተርጓሚው ሳቀ፤ ጠመኔው ተጠረገ። መዝገቡን ግን ማንም አልጠረገውም።

የልብስ ቁልፍ እየተከልኩ ሌይዘርን አስተማርኩት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የምልምል ወታደሮችን የማሰብ ችሎታ ሊፈትን ተቀጠረ። ከባሕር ማዶ የመጡት ሁሉ ወደቁ፤ እሱም አለቃውን "የወደቀው ጥያቄው ነው እንጂ ልጆቹ አይደሉም" አለው። በሳምንቱ ሻንጣውን ይዞ መጣ።

"ፍሩመት፣ ተባረርኩ።"

"ታዲያ ደህና ጥያቄ አንተ ጻፋ!"

ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ጻፈ። ጥያቄዎቹ ዩኒቨርሲቲ ከመድረሳቸው በፊት እያንዳንዱን ለእኔ ያነብልኝ ነበር። "ይሄ ጅል ነው" ስለው ይቀደዋል። ስንቱን አስቀደድኩት! ማንበብ የማልችለው እኔ!

ይህን ሁሉ ስነግረው ፕሬስኮት ጆሮው ድረስ ቀላ። "ይቅርታ፣ እማማ። አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ።"

"መሰረዝ የለም! 'እህቱ ፍሩመት መቁጠር ትችላለች' ብለህ ጻፍ።"

ጻፈ። አንብብ አልኩት፤ አነበበ። አራት ቀን ሙሉ ማንንም ያላስቀመጥኩበትን የሌይዘርን ወንበር በእግሬ ገፋሁለት።

"ተቀመጥ። ፈተና አለብህ። እዚህ ቤት ስንት ሰው አለ?"

ዓይኑን ዙሪያውን አንከራተተ። "አንድ፣ ሁለት…"

"ወደቅህ!" አልኩት። "እንደገና ቁጠር፤ በእኛ ወግ። ደግሞ እንዳትዘለኝ፤ ከእኔ ጀምር።"