በሁለት እጅ መንካት

ልጅቷን ቤት ውስጥ ፌንጣ ነው የሚሏት፤ ቁጭ ማለት ስለማታውቅ። ግራ እጇ ከክርኗ በታች የለም፣ ስትወለድም አልነበረም። የጫማዋን ክር በአንድ እጇ ታስራለች፤ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ስትጣላም አንዱ ይበቃታል። መዋኘት የጀመረችው አባቷ የሚነዳው አውቶቡስ የወጣቶች የመዋኛ ክበብ በር ላይ ስለሚቆም ነው። ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ ያወርዳታል፣ ሲመለስ ፀጉሯ ሳይደርቅ ይጭናታል።

ክበቡ ለልጆች ደረጃ ይሰጣል፤ የነሐስ ባጅ፣ የብር፣ ከዚያ የወርቅ። የወርቁን ያገኘ ልጅ የታናናሾቹ ረዳት አሰልጣኝ ይሆናል። ፌንጣን የሚያቃዣት ይሄ ነበር። የብሩን ስታገኝ ክበቡ ፎቶ አንስቷት በሩ ላይ በትልቁ ሰቀላት። አጭሩ ክንዷ ከውሃው ብቅ ብሎ ጥርሷ ሁሉ ይታያል፤ ከሥሩ «እዚህ ሁሉም ይችላል» ይላል። አባቷ እዚያ በቆመ ቁጥር ለተሳፋሪው ሁሉ «የኔ ናት» ሳይል አያልፍም።

የወርቁ ፈተና የደረት ዋና ነው፤ እንደ እንቁራሪት እየተሳቡ ገንዳውን መመላለስ። ፌንጣ ዋኘች። ግድግዳውን ነክታ ቀና ስትል ሌሎች ልጆች ገና ከኋላዋ ነበሩ። አሰልጣኟ ግን መሬት መሬት እያየች፣ «አላለፍሽም» አለቻት።

«ለምን?»

«ደንቡ ግድግዳው ጋ ስትደርሺ በሁለቱም እጅሽ እኩል ንኪ ይላል። ሥራ አስኪያጁ ቆሞ ሲያይ ነበር። እሱ ነው አትለፍ ያለኝ።»

ልጅቷ ክንዷን አየች፣ ግድግዳውንም አየች። «ታዲያ ሁለተኛውን ከየት ላምጣው?» አለች።

በማግስቱ አባቷ የሹፌር ልብሱን እንደለበሰ የክበቡ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ሰው አክባሪ ነው፤ ተነስቶ ወንበር ሳበለት።

«ጋሼ፣ ልጅዎን ሁላችንም እንወዳታለን» አለ። «ግን ለአንድ ልጅ ብለን ደንብ ብናጥፍ ለሌሎቹ ፍትሃዊ አይሆንም። ሌላው ወላጅ ምን ይለናል?»

«ሁለት እጅ ይንካ የተባለው ለምንድን ነው?»

«አንዱን እጅ ቀድሞ የሰደደ ልጅ ትከሻውን አዙሮ ቶሎ ይታጠፋል። ማጭበርበር ነው።»

«የኔ ልጅ የትኛውን እጇን ደብቃ ነው ያጭበረበረችው?»

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ። «ሳናስብላት የቀረን እንዳይመስልዎት። ለሽልማቱ ቀን ልዩ የጀግንነት ባጅ አዘጋጅተንላታል። ሌላ ማንም ልጅ የለውም። ለጋሾችም ስለሚመጡ፣ ትንሽ ንግግር ብታደርግልን…»

አባትየው እስከዚያ ድረስ ጥርሱን ነክሶ ነበር። እዚህ ላይ ደሙ ፈላ።

«ስማኝ» አለ፤ አንቱታው እዚያው ቀረ። «ምን አድርጋ ነው ጀግና ያልካት? እጅ ሳይኖራት ስለተወለደች? ዋኝታለች፤ ዋናዋን ቁጠርላት። በርህ ላይ ስትሰቅላት አንድ እጇ በቅቶህ ነበር። ባጅ ስትሰጥ ጊዜ ሁለተኛውን ትጠይቃታለህ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው።»

«ጋሼ፣ ይረጋጉ እንጂ።»

«ተረጋግቼ ነው የምነግርህ» ብሎ ወጣ።

ቤት ሲገባ ለሚስቱ አወራላት። ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው፤ የደንበኛ ነገር ስትሰማ ስለምትውል በቀላሉ አትደነግጥም።

«‹አንተ› አልከው?»

«ከአፌ አመለጠኝ።»

«መጀመሪያውኑ አንቱ ማለትህ ነው የበዛበት።»

ፌንጣ ከጓዳ ትሰማ ኖሯል። ወጣችና፣ «ፎቶዬን ያውርዱት» አለች። «እኔ አልቻልሽም ተብዬ እዚያ ቆሜ ለምን እስቃለሁ?»

እናትና ልጅ አብረው ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ እንግዶቹ ሊመጡ ነው፣ በሩ ባዶ ሊሆን ነው፣ ትንሽ ታገሡን አለ። እናትየው ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «ፎቶው የተሰቀለው እሺ ስላልኩ ነው። አሁን እንቢ ብያለሁ።»

መሰላል ያመጣችው አሰልጣኟ ነበረች። ራሷ ወጥታ ፎቶውን ፈታች፤ ጠቅልላ ለልጅቷ ከሰጠቻት በኋላ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «ያን ቀን አላለፍሽም ያላት አፌ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ደግሜ እፈትናታለሁ። ባላት እጅ ትነካለች፤ ትከሻዋ ካልተዛነፈ አልፋለች። ካልፈለጉ ሌላ አሰልጣኝ ይፈልጉ።»

ሥራ አስኪያጁ ባዶውን በር አየ፣ አሰልጣኟን አየ። «እሺ፣ ለዚህች ለአንዷ» አለ።

ፌንጣ ደግማ ዋኘች። በንዴት ስለነበር የመጀመሪያው ዙር ላይ ውሃ ጠጣች፤ ትከሻዋ ግን ቀጥ እንዳለ ነበር። አለፈች።

በሽልማቱ ቀን ሥራ አስኪያጁ ልጆቹን በየስማቸው እየጠራ እሷ ጋ ሲደርስ ድምፁን አለሳለሰ። «አሁን ደግሞ በልዩ አስተያየት…» ብሎ ስሟን ጠራ።

ልጅቷ ከወንበሯ አልተነሳችም። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ሥራ አስኪያጁ ያልሰማች መስሎት ደገመው።

«እንደ ሌሎቹ ይጥሩኝ» አለች፣ እንደተቀመጠች።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠራርጎ ስሟን ብቻ ጠራ። ሄዳ ባጇን ተቀበለች። ፎቶ አንሺው ፈገግ በይ ቢላት ዝም ብላ አየችው።

ሲወጡ ሥራ አስኪያጁ የአባትየውን እጅ ጨበጠ። «አሁንስ ደስ አለዎት?»

«ደንቡ ተለወጠ?»

«ለልጅዎ ፈቅደናል እኮ።»

«ለሚቀጥለው ልጅስ?»

ሥራ አስኪያጁን ሌላ እንግዳ ጠራውና ሄደ።

አባትየው በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ከዚያም አንዴ እሱ፣ አንዴ እናትየው እየተፈራረቁ ያንን ቢሮ አንኳኩ። ደንቡ በመጨረሻ ተለውጧል። የተለወጠው ግን ሰውየው ስላመነበት ሳይሆን ስለሰለቸው ነው። አባትየው ይህን ሲያወራ ድምፁ ዛሬም ይሻክራል።