ጡብ ተራርቆ፣ ሰው ተጠጋግቶ

ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ወረፋ የያዙት ሰዎች አልነበሩም፤ ዕቃዎች ነበሩ። አስፋልቱ ላይ በነጭ ቀለም ሁለት ሁለት እርምጃ ተራርቀው በተሳሉት ክቦች ውስጥ አንዱ ጡብ አስቀምጧል፣ አንዷ ባዶ ጀሪካን፣ አንዱ የሞተር ብስክሌት ቆብ፤ አንዱማ የቀኝ እግር ነጠላ ጫማውን አውልቆ ትቶ ሄዷል። ዕቃዎቹ እንደ ሕጉ ተራርቀው ፀሐይ ይመታቸዋል። ባለቤቶቻቸው ግን ግንቡ ሥር ባለችው ጠባብ ጥላ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው፣ ጭምብላቸውን አገጫቸው ላይ ሰቅለው ይሳሳቃሉ። በሽታው ጡብ እንደማይዝ የነገራቸው ያለ አይመስልም።

በክቡ ውስጥ በሁለት እግሩ የቆመ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጭምብል በጭምብል ላይ ደርቤ፣ ጓንት አጥልቄ፣ ጃንጥላ ዘርግቼ። ደሜ ይፈላ ነበር። ሞኝነታቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደ ሌላው ቀን ውስጥ ለውስጥ ረግሜያቸው ዝም እል ነበር። ግን እኔ እዚያ መገኘት የሌለብኝ ሰው ነበርኩ።

ልጄ በሽታው ይዟት ከኋላ ክፍል ከተኛች አምስተኛ ቀኗ ነው። ጤና ቢሮ ስንደውል «ማንም ከቤት እንዳይወጣ፤ ሰው እንልካለን» አሉን። የሚልኩት ሰው እስካሁን በመምጣት ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩንም የሚያነሳ የለም። ትኩሳቱ ጡቷን አደረቀውና የአራት ወር ልጇ በዱቄት ወተት ላይ ቀረ። ያን ቀን ጠዋት ቆርቆሮውን ገልብጬ ቂጡን ብደበድበው የወጣው ለአንድ ጡጦ ብቻ የሚበቃ ነው። የሕፃኑ አባት መንገድ ተዘግቶበት ሥራ የሄደበት ከተማ ቀርቷል።

ባለቤቴ «እኔ ልሂድ» ብሎ ጫማውን ማሰር ጀምሮ ነበር። ባለቤቴ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ሳንባው ደካማ ስለሆነ ጫማ ሲያስር እንኳን ያለከልካል።

«አንተ ከሄድክ ከዚህ ቤት ሁለት ሬሳ ይወጣል» አልኩት።

«ሁለተኛው የማን ነው?»

«የእኔ፤ በንዴት።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ደመና ሳታዪ ጎርፍ ይወስድሻል» አለና ሕፃኑን ታቅፎ ተቀመጠ። እውነቱን ነው። እኔ ስልክ ሲጮህ ሞት ነው ብዬ የማነሳ ሰው ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክፉ ክፉውን ሳስብ ኖሬ፣ ክፉው እቤቴ ሲገባ በየት በኩል እንደገባ እንኳን አላየሁትም።

ከመውጣቴ በፊት ያልሞከርኩት የለም። ከትናንት በስቲያ ለጎረቤቴ ደወልኩ። የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ሳትውል ሳታድር ስለምታሰራጭ ሬዲዮ እንላታለን።

«የሕፃን ወተት፣ ቁጥር አንድ የሚል ቆርቆሮ፣ ስትወጪ ገዝተሽ በሬ ላይ ጣይልኝ» አልኳት።

«ምነው አንቺስ? እግርሽ የት ሄደ?» ብላ ትንሽ አሰበችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚ፣ እናንተ ቤት የታመመ ሰው አለ እንዴ?»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ታዲያ ምን ልበላት? ባለፈው ወር በሽታው የገባበትን አንድ ቤት ሰው እንደ እብድ ውሻ ነበር የሸሸው። አጥራቸው ላይ ሳይቀር ድንጋይ ወርውረውበታል።

ስለዚህ መጣሁ። ከፊቴ ስምንት ዕቃ ነበር። ሱቁ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ አምስት ሰዓት አልፏል። ሐሳቤ ማንንም ሳልነካ፣ ማንንም ሳላነጋግር ገብቼ፣ ቆርቆሮውን አንስቼ መውጣት ነበር።

ጥላው ሥር ሬዲዮ ራሷ አለች። ጀሪካኑ የእሷ ነው። አጠገቧ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር ቆሟል፤ ጡቡ የእሱ ነው።

«እህቴ፣ ፀሐይ ላይ ምን አቆመሽ? ዕቃ አስቀምጪና ነይ፤ ጥላው ለሁላችን ይበቃል» አለኝ።

«እዚሁ ይሻለኛል፣ ጋሼ።»

«ተዋት» አለች ሬዲዮ። «እሷ ባሏ ሲያስነጥሰው በር ቆልፋ የምትወጣ ሴት ናት። በሽታው ከእሷ ጭንቅላት ነው የተነሳው።»

ሁሉም ሳቁ። ሾፌሩ ሲስቅ አፉ ወለል ብሎ ይታየኛል፤ ጭምብሉ እንደ ፍየል ጢም ተንጠልጥሏል። «ይሄ ነገር በቆሎ ለሚበላ ጉልበተኛ ምኑም አይደል» ምናምን እያለ ትከሻዋን መታ መታ ያደርጋታል። አንድ ጊዜ ደግሞ ስለ አንድ ወሬ ሊጠይቀኝ ሁለት እርምጃ ወደ እኔ ሲመጣ «ባሉበት ይጠይቁኝ! ጆሮ አለኝ!» ብዬ ጮህኩበት። እጁን ወደ ላይ አንስቶ እንደ ተማረከ ወታደር ወደኋላ ሄደ፤ ሳቁ እንደገና ደመቀ። ፈሪ ይሉኛል። የምፈራው ለእነሱ እንደሆነ ልነግራቸው አልችልም። ከንዴቱ ይልቅ ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

በዚህ መሃል ከሱፐርማርኬቱ የጎን በር አንድ መኪና ካርቶን ይጭናል። ባለሱቁ ራሱ ተሸክሞ ያቀብላል። የመኪናው ባለቤት ክብ ውስጥ አልቆመ፣ ጡብ አላስቀመጠ። ከካርቶኖቹ በአንዱ ላይ የሚስቅ ሕፃን ፎቶ አለ። የእኛ ቆርቆሮ ላይ ያለው ያው ሕፃን ነው። ያ ካርቶን የመጨረሻው ቢሆንስ? ቢሆንስ ብቻ አይደለም፤ የእኔ ዕድል ከሆነ የመጨረሻው ነው።

ከፊቴ ሦስት ዕቃ ሲቀር ነው እማማ የመጡት።

ከዚያ በፊት ሲያልፉ አይቻቸው አውቃለሁ፤ ስማቸውንም ቤታቸውንም አላውቅም። ሰማንያ የሚሞላቸው፣ በምርኩዝ የሚሄዱ፣ ትንሽዬ የገበያ ዘንቢል የያዙ ሴት ናቸው። ፀሐዩ አናታቸውን ሲመታቸው ዙሪያውን ቃኙና የእኔን ጃንጥላ አዩ። ቀጥ ብለው መጥተው ሥሩ ገቡ።

«እሰይ የእኔ ልጅ፣ ጥላሽ ለሁለት ይበቃል» አሉና ክንዴን ያዙ። ከዚያ ጭምብላቸውን ወደ ታች ሳብ አድርገው በረጅሙ ተነፈሱ። «ይሄ ጨርቅ ሊደፋኝ ነው።»

ክንዴን ላስለቅቅ ሞከርኩ፤ የበለጠ ተደገፉኝ። ከክቡ ወጥቼ ወደኋላ ሄድኩ፤ ጃንጥላው ሲሸሽባቸው እሳቸውም ተከተሉኝ።

«እማማ፣ እባክዎን ፈንጠር ይበሉ።»

«ምን አልሽ?»

«አይጠጉኝ!»

ጥላው ሥር ያሉት ሁሉ ወደ እኛ ዞሩ።

«ኧረ ነውር ነው!» አለ ሾፌሩ። «ለአሮጊት ጥላ ይነፈጋል?»

«ጃንጥላውን ስጪያቸዋ ታዲያ!» አለች ሬዲዮ። «ከብር ነው እንዴ የተሠራው?»

ልስጣቸው ፈለግሁ። ግን ከቤት ሳወጣው መያዣውን የነካሁት በባዶ እጄ ነው፤ ጓንቱን ያጠለቅሁት መንገድ ላይ ነው። ከልጄ በር ሥር ሰሃን ያነሳሁበት እጅ ነው። ታጥቤያለሁ፤ ግን መታጠቤን ማን አምኖ ነው? እኔ ራሴ መች አመንኩት? እማማ ደግሞ እጃቸውን ዘርግተው፣ ጭምብላቸው አገጫቸው ላይ እንዳለ፣ ፊቴ ላይ ፈገግ ብለው ይተነፍሳሉ።

«አትፍሪ ልጄ፣ እኔ ምንም የለብኝም» አሉኝ።

እዚያ ላይ ነው ያበቃልኝ።

«እኔ ግን አለብኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ልጄ ታማለች! በሽታው እቤቴ ነው! አምስት ቀኑ! ይራቁኝ በፈጣሪ!»

ሰው እንደዚያ ሲፈናጠር አይቼ አላውቅም። ሾፌሩ ሬዲዮን ገፍቶ፣ ሬዲዮ ሌላውን ገፍታ፣ ሁሉም ከጥላው ወጥተው በየክባቸው ገቡ። ጡቡ በእርግጫ ተነሳ፣ ጀሪካኑ እየተንከባለለ ሄደ፣ ጭምብሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ አፍንጫ ላይ ወጣ። በዚያ ሁሉ ወር ቴሌቪዥኑ ለፍልፎ ያልቻለውን እኔ በአንድ ትንፋሽ አደረግሁት። ካሉበት ያልተነሱት እማማ ብቻ ናቸው፤ መሮጥ የት ይችላሉ?

በሩ ላይ ያለው ጥበቃ እስከዚያ ድረስ «እናቴ፣ እርስዎ» ሲለኝ የቆየ ጨዋ ነበር። አሁን የሙቀት መለኪያውን እንደ ሽጉጥ ደቅኖብኝ «ሂጂ አንቺ! ሂጂ ከዚህ! ፖሊስ ነው የምጠራው!» አለ።

«ጥራ! ጤና ቢሮም ደውልና ካነሱልህ እኔንም አገናኘኝ፤ አምስት ቀን ሙሉ የሚያነሳልኝ አጥቻለሁ!»

«እኔን ደውለሽ ልታስገድዪኝ ነበር!» አለች ሬዲዮ ከክቧ ውስጥ። «በሬ ላይ ጣይ ብላኝ ነበር! ሰዎች፣ በሬ ላይ ብላኝ ነበር!»

«እንዳትነኪኝ ብዬ ነዋ! ምን አልሽኝ? የታመመ አለ ወይ አልሽኝ። አዎ ብልሽ ወተቱን ታመጪልኝ ነበር ወይስ ድንጋዩን?»

ሬዲዮ ጭምብሏን እስከ ዓይኗ ድረስ ሳበችው።

ባለሱቁ ጩኸቱን ሰምቶ በሩ ላይ ብቅ አለ። ነገሩን ሲነግሩት አንድ እግሩን ወደ ውስጥ መለሰ።

«የሕፃን ወተት፣ ቁጥር አንድ፣ ሁለት ቆርቆሮ» አልኩት። «ስጠኝና እሄዳለሁ።»

«ቁጥር አንድ አልቋል፣ እመቤት።»

«በጎን በር የወጣው ምን ነበር? የሚስቀው ሕፃን ምን ነበር? እንግዲያው ስማኝ፤ የአራት ወር ልጅ የመጨረሻ ጡጦውን ጠጥቷል። ባዶ እጄን ከዚህ ክብ አልወጣም። ወይ ወተቱን ታወጣልኛለህ፣ ወይ እገባና መደርደሪያህን አንድ በአንድ እየዳሰስኩ እፈልጋለሁ።»

ይህን ማድረግ እችል ነበር? እግዜር ይወቅ። ያን ሰዓት የምችል ይመስለኝ ነበር። አንድ እርምጃም ተራመድኩ።

«ስጣት!» ብሎ ሾፌሩ ጮኸ። «ስጣትና ትሂድልን!»

«ስጣት እንጂ! ልታስጨርሰን ነው?» አለች ሬዲዮም። ከኋላዬም «ስጣት! ስጣት!» ተባለ። ለእኔ አዝነው አይደለም። ለሕፃኑም አዝነው አይደለም። እንድጠፋላቸው ነው። ይሁን፤ ወተት በምሕረት መጣ በጥላቻ መጣ ሕፃን አይለየውም።

አልቋል የተባለው ወተት ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተገኘ። ጥበቃው ሁለቱን ቆርቆሮ መሬት ላይ አስቀምጦ በመጥረጊያ እንጨት እየገፋ ወደ እኔ አንከባለላቸው። ገንዘቡን ክቡ ውስጥ አስቀምጬ ድንጋይ ጫንኩበት። ማንሳት የፈለገ ያንሳው።

ልሄድ ስል እማማን አየኋቸው። ጭምብላቸውን አሁን አጥብቀው ይዘውታል፤ ክንዴን የያዙበትን እጅ ከሰውነታቸው አርቀው ዘርግተውታል፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

«እኔስ ልጄ?» አሉኝ። «እኔ አሁን ምን ልሁን?»

«ሳሙና!» ብዬ ጮህኩ። «ለእሳቸው ሳሙናና ውኃ ስጧቸው! ቆማችሁ ታያላችሁ?» ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሁሉም በክቡ ውስጥ፣ ሕግ አክባሪ። በመጨረሻ ጥበቃው የእጅ መታጠቢያውን በርሜል ቧንቧ ከፈተላቸውና ራቅ ብሎ ቆመ። እማማ እጃቸውን ሲታጠቡ ጀርባቸውን እያየሁ ወደኋላዬ ሄድኩ።

እቤት ስደርስ ባለቤቴ ውኃ አፍልቶ ጠበቀኝ። ሕፃኑ ጡጦውን ሲይዝ ጉሮሮው የሚያሰማው ድምፅ እንደ ሰዓት ነው አለ፤ ለእሱ ሁሉ ነገር ሰዓት ነው።

ልጄ በሩ ማዶ ሳሏን ዋጥ አድርጋ «እማ፣ ሰው አየሽ?» አለችኝ።

«ሁሉም አየኝ።»

«አወቁብን?»

«አወቁ። ወተቱ ግን ተገኝቷል። ተኚ።»

እጄን ሦስት ጊዜ ታጥቤ ተቀመጥኩ። ንዴቱ አልወጣልኝም። በሾፌሩም፣ በባለሱቁም፣ በጤና ቢሮውም ተናድጄ ስጨርስ አንድ ሰው ተረፈኝ፤ እኔ። «ልጄ ታማለች» የምትለዋን ቃል ወረፋው ላይ ቆሜ አንድ ሰዓት ሙሉ ዋጥኳት። መጀመሪያ ተናግሬያት ቢሆን ኖሮ እማማ ክንዴን ባልያዙኝ። በእርግጥ ወተቱንም ላላገኘው እችል ነበር። በየት በኩል ባስበው መውጫ የለውም።

ስልኩን አንስቼ ሬዲዮ ጋ ደወልኩ።

«አንቺ! እንዴት ያለ ፊት ነው ያለሽ? ደግሞ ትደውያለሽ?» ብላ ጀመረች። «አንቺ ገዳይ፣ አንቺ ዓይነ ደረቅ፣ ጀሪካኔን እንኳን ትቼ ነው የሮጥኩት!» ትንፋሽ ልትወስድ ስታቆም ገባሁ።

«ልክ ነሽ፤ በኋላ ትቀጥያለሽ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። የእማማ ቤት የት ነው?»

«ምን ልታደርጊላቸው? የቀረውን በሽታ ልትወስጂላቸው?»

«አንቺ እንድትሄጂ ነው። ከሩቅ። በየጠዋቱ ድምፃቸውን ስሚልኝ። ትኩሳት ካላቸው፣ ካሳላቸው፣ ለእኔም ለጤና ቢሮም ደውይ። ለእኔ ባያነሱም ለአንቺ ያነሱ ይሆናል፤ አንቺ እስኪያነሱ ትደውያለሽ።»

በስልኩ ውስጥ መስኮት ስትከፍት ሰማሁ።

«ስልክ የላቸውም» አለች። «ብቻቸውን ናቸው። ከእኔ ጓሮ ቀጥሎ ነው መስኮታቸው። በመስኮት እጠራቸዋለሁ።»

«አሥራ አራት ቀን።»

«መቁጠር እችላለሁ፤ አታስተምሪኝ» አለችና ካቆመችበት ስድቡን ቀጠለች። እኔም ስልኩን ሳልዘጋ እስከ መጨረሻው ሰማኋት።