ከሆቴሉ ወጥቶ የሄደው አዳራሽ

«ምስጦች» የተባለው የአውስትራሊያ ሮክ ባንድ በተቋቋመ በዘጠነኛው ዓመት፣ ሲጫወትበት የኖረው አዳራሽ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከሆቴሉ ወጥቶ ተከተለው።

መጀመሪያ ያየችው ግሌንዳ ናት። ግሌንዳ ቤዝ ጊታር ትጫወታለች፤ ባንዱንም ከታናሽ ወንድሟ ከሮስ ጋር ያቋቋመችው እሷ ነች። ሮስ ይዘፍናል። ድራሙን የሚመታው ኖርም ነው፤ የቀድሞ የብረት ማቅለጫ ሠራተኛ፣ ሲጠይቁት ይመልሳል፣ ካልጠየቁት ዝም ይላል። ሦስቱ ዕቃቸውን በአሮጌዋ ቫን ጭነው ከከተማ ሲወጡ ግሌንዳ በጎን መስታወቱ ወደ ኋላ ተመለከተች። አዳራሹ ከነቆርቆሮ ጣሪያው፣ ከነመድረኩና ቢራ ካጠቆረው የእንጨት ወለሉ ጋር የግራ መስመሩን ይዞ ይመጣ ነበር። መቅደም ለሚፈልጉ መኪናዎች ቀኙን ለቆላቸዋል።

«አዳራሹ እየተከተለን ነው» አለች።

«የትኛው አዳራሽ?» አለ ሮስ።

«የእኛው።»

መሪውን የያዘው ኖርም አዳራሹ እንዳይደክመው ብሎ ፍጥነቱን ቀነሰ።

በዚያ አገር ብዙውን ጊዜ ሆቴል የሚባለው መጠጥ ቤት ነው፤ ሊያድርበት የሚመጣ ሰው የለም። «ቀይ ጣሪያ ሆቴል» በአንዲት የብረት ማቅለጫ ከተማ ውስጥ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ነበር፤ አዳራሹም ከጀርባው። በር ላይ የሚቆም ሰው ስላልነበራቸው ግሌንዳ ራሷ ከመጫወቷ በፊት በሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት በኩል የሚገባውን ሰው ሁሉ እጅ የመግቢያ ምልክት እንዲሆን በማኅተም ትመታ ነበር። ማኅተሙን ኖርም ከአሮጌ ጎማ የቀረጸው ሲሆን የምስጥ ሥዕል አለበት። አረንጓዴው ቀለም በቀላሉ አይለቅም። ሰኞ ፋብሪካ ውስጥ አረንጓዴ እጅ ያላቸው ሰዎች ሲገናኙ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሰላምታ ይሰጣጣሉ፤ ከዚያ ያለፈ ማውራት አያስፈልጋቸውም።

መጀመሪያ የተጫወቱ ዕለት የአዳራሹ በር የሮስን ትንሽ ጣት ጫፍ ቆርጦ አስቀርቶ ነበር። ሮስ እጁን በፎጣ ጠቅልሎ እስከ መጨረሻው ዘፈነ፤ የሚያቃስትበትንም ሕዝቡ የዘፈኑ አካል መስሎት አብሮት አቃሰተ። እውነቱን ለመናገር፣ ሌላ ቦታ ሲጫወቱ ሦስት ሰዎች ጫጫታ ሲያሰሙ ከማለት በቀር የሚባልላቸው ነገር አልነበረም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን ቆርቆሮው ድምፁን ይቀበለዋል፣ ወለሉ ይመልሰዋል፣ ሰው ደረቱ ውስጥ ይሰማዋል። ግሌንዳ ይህን ጠንቅቃ ታውቅ ነበር።

የሆቴሉ ባለቤት ሚስተር ዴንተን ግን የቁማር ማሽን ይሻለኛል ብሎ ወሰነ። ማሽን አይሰክርም፣ ነፃ ቢራ አይጠይቅም። ቅዳሜ ጠዋት ወለሉን የሚለካ ሰው አመጣ። ለባንዱ «የዛሬው የመጨረሻችሁ ነው» አላቸው። አዳራሹ የወጣው በማግስቱ ነው።

ሚስተር ዴንተን ደረሰባቸው። ቫኗ በአንዲት የስንዴ አምራቾች ከተማ ኳስ ሜዳ ዳር ቆማለች፤ አዳራሹ አጠገቧ ተቀምጧል። ሰውዬው ግንባሩ ላይ ፕላስተር ለጥፏል፤ ከመጠጥ ቤቱ ወደ አዳራሹ እገባለሁ ብሎ በሩን ሲከፍት ባዶ መሬት ላይ ነው የወደቀው።

«አዳራሼን መልሺ» አላት ግሌንዳን።

«እኔ አልወሰድኩትም። ራሱ ነው የመጣው።»

«አዳራሽ ራሱ አይመጣም!»

«እንግዲያው ይጥሩትና ይውሰዱት።»

ሚስተር ዴንተን ወደ አዳራሹ ዞረ። ትንሽ አፍሮ «ና!» አለው። አዳራሹ ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ጮክ ብሎ «ና ብዬሃለሁ!» አለ። ከጣሪያው ላይ አንዲት እርግብ ተነሥታ በረረች።

«በሕግ እመጣባችኋለሁ» አለ ሚስተር ዴንተን ፊቱን አጥቁሮ።

«ይምጡ» አለች ግሌንዳ። «ሕግም ቢሆን እጁን ሳያስመታ አይገባም።»

ሕግ የመጣው በአንድ ወጣት ፖሊስ በኩል ነው። በአውራ ጎዳናው ላይ ቫኗን አስቁሞ አዳራሹን ዞሮ ዞሮ አየ። ታርጋ እንደሌለው ነገራቸው። ግሌንዳ አዳራሽ ታርጋ እንደማይለጠፍበት ነገረችው። ሊጽፍ እስክሪብቶውን ሲያወጣ እጁ ላይ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ምስጥ ታየ።

ፖሊሱ እጁን አየ፤ ግሌንዳን አየ። «ለማንኛውም የኋላ መብራት አድርጉለት» ብሎ ሄደ። ኖርም ቀይ አምፖል ገዝቶ የአዳራሹ ጀርባ ላይ ሰቀለ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የ«ምስጦች» ደግ ዓመታት ነበሩ። አዳራሽ በሌላቸው የማዕድን ከተሞች፣ ሰው ሁሉ አቧራ በሚውጥባቸው መንደሮች አዳራሻቸውን አስከትለው ሄዱ። ነዳጅ ሲቀዱ አዳራሹ ተራውን ይጠብቃል። ኤሌክትሪኩ ከየት እንደሚመጣለት ማንም አልጠየቀም። ዘፈኖቻቸው በሬዲዮ መሰማት ጀመሩ፤ ሰውም ለመግባት ከሩቅ ይመጣ ጀመር።

ከሩቅ ከመጡት አንዱ ከለንደን የሙዚቃ ኩባንያ የተላከው ሚስተር ሃርግሪቭ ነበር። ግሌንዳ ማኅተሙን አንሥታ እጁን ስትጠብቅ፣ እሱ እጁን ኪሱ ከተተ።

«እኔ ተጋባዥ ነኝ» አላት።

«ተጋባዥም ይመታል።»

ሚስተር ሃርግሪቭ ውጭ ቆሞ በግድግዳው በኩል አዳመጠ። ያም በቃው። በማግስቱ ቁርስ ላይ ለንደን እንደሚወስዳቸው፣ ትልልቅ መድረክ እንደሚሰጣቸው ነገራቸው። ሮስ ሹካውን አስቀመጠ።

«አዳራሹ ግን ይቅር» አለ ሚስተር ሃርግሪቭ። «አዳራሽ ባሕር አይሻገርም።»

«እንግዲያው እኛም አንሻገርም» አለች ግሌንዳ።

ሮስ ሰውዬው እስኪወጣ ጠበቀና ጮኸ። «ግድግዳ እኮ ነው ግሌንዳ! ግድግዳና ጣሪያ!»

«አንተን ሰው ያደረገህ ግድግዳ ነው።»

«ጣቴን የበላው ነው በይ እንጂ!»

«ቤቱን ጥሎ ተከትሎናል፤ ሮስ። ማን ነው እንዲህ ያደረገልን? እኔ አዳራሹን ሜዳ ላይ ጥዬ አልሄድም። ንጉሥ ቢጠራኝም አልሄድም።»

ሮስ ወጥቶ ቧንቧው ጋ ተንበረከከ፤ ማኅተም ያረፈበትን እጁን በሳሙናና በአሸዋ ይፈትግ ጀመር። ቆዳው እስኪቀላ፣ አረንጓዴው ፈጽሞ እስኪጠፋ ፈተገ። ግሌንዳ በመስኮት አየችው። ወንድሟን ከማንም አብልጣ ትወደው ነበር፤ ሆኖም እንባዋን ሳታሳየው ነው ወደ ለንደን የሸኘችው።

«ስትመለስ» አለችው መኪናው ውስጥ ሲገባ፣ «እንደ ማንም ሰው ተሰልፈህ፣ እጅህን አስመትተህ ትገባለህ።»

«ከተመለስኩ አይደል» አለ ሮስ፤ ሄደ።

ግሌንዳ የሮስን ማይክሮፎን ከመድረኩ መሐል አንሥታ ወደራሷ ጥግ አስጠጋችውና መዝፈን ጀመረች። ድምፅዋ ሻካራ ነው፤ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል። ሁለት ሰው ባንድ አይባልም ያሉ ነበሩ። «ምስጦች» አብቅቶላቸዋል ብለው ጋዜጣ ላይ የጻፉም ነበሩ። ግሌንዳ ለሁሉም አንድ መልስ ነበራት፤ «ቅዳሜ እንጫወታለን» ትላለች። ቅዳሜም ይጫወታሉ። ሮስ ለንደን ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ስሙ ገነነ፤ ከዚያ ቀዝቀዝ አለ፤ ከዚያ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ።

ዘመኑም ተለወጠ። ብረት ማቅለጫው ተዘጋ፤ ቀይ ጣሪያ ሆቴል ፈርሶ በቦታው አፓርታማ ተሠራ። አዳራሹ አረፍ ባለበት ሁሉ፣ ትናንት ገብቶ የሰፈረ ጎረቤት ድምፁ ረበሸኝ ብሎ ይከሳል፤ የከተማው ሹምም መጥቶ ተነሡ ይላል። እነሱም ይነሣሉ። ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደሚቀጥለው ሲገፉ ሲገፉ፣ የግሌንዳ ፀጉር ነጭ፣ የኖርም ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ የሚጮህ ሆኖ፣ አንድ ጠዋት ባሕሩ ዳር ደረሱ። ከኋላቸው አንድ ሹምና አንድ ኤክስካቫተር ነበሩ።

«ከዚህ ወዲያ መሬት የለም» አላት ሹሙ። ጥሩ ልብስ የለበሰ፣ ትሑት ሰው ነበር። «አዝናለሁ እትዬ፤ አዳራሹ ዛሬ ይፈርሳል። ዕቃዎን ያውጡ።»

ግሌንዳ አዳራሹን አየችው። ቆርቆሮው ዝጓል፤ ቀዩ አምፖል ግን በርቷል። ይህን ሁሉ አገር ዞሮ አንድ ቀን እንኳ ወደ ኋላ አልቀረም። ደሟ ፈላ።

«አፍንጫህን ላስ» አለችው ሹሙን፤ ገብታ በሩን ከውስጥ ዘጋችው።

ኖርም ተከትሏት ገብቶ ነበር። በመስኮቱ ወደ ቫኗ በእጁ አመለከታት።

«ትቅር» አለችው።

ሁለቱ ባንዱ ከነበሩት ዘፈኖች ሁሉ ጩኸት የበዛበትን ጀመሩ። ወለሉ ተንቀሳቀሰ። በመስኮቱ በኩል የኤክስካቫተሩ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ ባርኔጣውን ሲያወልቅ፣ ሹሙም አፉን ከፍቶ እያነሰ እያነሰ ሲሄድ ታየ። ከዚያ ውሃው የመስኮቱን ታችኛ ጠርዝ ነካ። ወደ መካከል ወጣ። መስታወቱን ሞላ። አንዲት ጠብታ ወደ ውስጥ አልገባችም።

ዓሦች መጥተው በመስታወቱ አዩአቸውና ሄዱ። ብርሃኑ መጀመሪያ አረንጓዴ ነበር፤ ቀጥሎ ሰማያዊ ሆነ፤ ቀጥሎ ጠፋ። «ምስጦች» የሚያውቁትን ዘፈን ሁሉ ተጫወቱ፤ ሲያልቅባቸው እንደገና ጀመሩ። ግሌንዳ እንደዚያን ዕለት ደስ ብሏት አያውቅም። አዳራሽ ባሕር አይሻገርም ያለውን ሰው አስታውሳ ብቻዋን ሳቀች።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አዳራሹ ቆመ። እነሱም አቆሙ። ውጭው ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው።

«ሰው አለ» አለ ኖርም። ማንም ሳይጠይቀው የተናገረው በዕድሜው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በሩ ይንኳኳ ነበር፤ በትሕትና፣ ቀስ ተብሎ። ግሌንዳ ጊታሯን አስቀመጠችና ሄዳ በሩ ላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት ከፈተች። ውሃው በመስኮቷ ልክ ቀጥ ብሎ ቆመ። በውሃው ውስጥ አንድ እጅ ብቅ አለ፤ ነጭ፣ የረጠበ። ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ጠበቀ።

ግሌንዳ ማኅተሙን ቀለም አስነክታ መታችው። እጁ ተመልሶ ወጣ፤ ሌላ ገባ። እሱንም መታችው። አንዳንዶቹ ሰፋፊና የተቃጠሉ የፋብሪካ እጆች ነበሩ፤ ከአረጀው ምስጥ ላይ አዲሱን አተመችባቸው።

ቀጥሎ የገባው እጅ ምንም ምልክት አልነበረበትም። በጣም ንጹሕ ነበር። የትንሽ ጣቱ ጫፍ የለም።

ግሌንዳ እጁን በእጇ ያዘችው። በረዶ ነው። ለማምለጥ አልሞከረም። ማኅተሙን ቀለም ውስጥ ሁለት ጊዜ ነክራ፣ በምንም አሸዋና ሳሙና እንዳይለቅ አድርጋ፣ ክብደቷን ጥላበት መታችው።

«ግባ» አለችው።

ኖርም ሳይታዘዝ ተነሣና ማይክሮፎኑን ከጥጉ አንሥቶ ወደ መድረኩ መሐል መለሰው። የበሩ እጀታ ከውጭ በኩል ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ።